ጣሪያው ተመለሰ፣ ነርሷስ? ወሎን የማረጋጋት ጥያቄ

ስለ ወሎ ሲወራ ሦስት ቃላት ተያይዘው ይመጣሉ። ማረጋጋት፣ መልሶ ማቋቋም፣ መልሶ መገንባት። በዜናውም በስብሰባውም አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። አንድ ኃላፊ “አካባቢው ተረጋግቷል” ሲል ከተማው ውስጥ ተኩስ የለም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዜናውን የሰማ የቆቦ ገበሬ ደግሞ ማሽላውን ገበያ አውጥቶ፣ ሸጦ፣ ገንዘቡን ይዞ ሳይመሽ ቤቱ መግባቱን ነው የሚያስበው። ቃሉ አንድ ነው፤ የተነገረውና የተሰማው ግን ለየቅል ነው።

የቃላት ጨዋታ አይደለም። በጀት የሚመደበው፣ ሪፖርት የሚጻፈው፣ ተፈናቃይ “ተመለስ” የሚባለው በእነዚህ ቃላት ነው። ስለዚህ መለየቱ ይጠቅማል።

መልሶ መገንባት ዕቃና ሕንፃን ይመለከታል። ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ የመብራት ትራንስፎርመር። መልሶ ማቋቋም ሰውን ይመለከታል። የተፈናቀለው ቤቱ እንዲገባ፣ በሬው የታረደበት እንዲያርስ፣ ሱቁ የተዘረፈበት እንደገና እንዲነግድ ማድረግ ነው። ማረጋጋት ከሁለቱም ይለያል። ሰው የነገ ውሎውን ማቀድ እንዲችል ማድረግ ነው። ዘር መዝራት፣ ልጅ ማስመዝገብ፣ ብድር መውሰድ፣ ሠርግ መቁረጥ የሚቻለው ነገ ምን እንደሚመጣ በመጠኑም ቢሆን ሲታወቅ ነው። ወሎ ውስጥ የጎደለው ይሄኛው ይመስለኛል።

ሁለት ጦርነት፣ ሁለት ዓይነት ጉዳት

ወሎን የመታው አንድ ጦርነት አይደለም። (ዓመቶቹን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የመጀመሪያው በ2013 ክረምት ገባ። የትግራይ ኃይሎች ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ሰሜን ወሎ ዘልቀው ቆቦን፣ ላሊበላንና ወልድያን ያዙ። ጳጉሜን 2013 ላይ ቆቦ ውስጥ የተፈጸመውን የሲቪሎች ግድያ የመብት ተቋማት መዝግበውታል። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻም ተያዙ፤ መንግሥት ሁለቱን ከተሞች ማስመለሱን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነበር። ነሐሴ 2014 ላይ ውጊያው አገረሸና ቆቦ እንደገና በጦርነቱ መሀል ወደቀች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ።

ያ ጦርነት ግንባር ነበረው። ጉዳቱም ይታይ ነበር። የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች፣ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል። ፎቶ ይነሳል፣ ይቆጠራል፣ በብር ይተመናል።

ሁለተኛው ገና የመጀመሪያው ቁስል ሳይጠግግ መጣ። መንግሥት መጋቢት 2015 ላይ የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ ለማደራጀት መወሰኑ በአማራ ክልል ተቃውሞ ቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል የነበረው ውጥረት ወደ ግልጽ ውጊያ ተለወጠ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሥር ወር ቆየ። አዋጁ አበቃ፤ ውጊያው ግን አላበቃም።

እንዲህ ያለውን ጦርነት የዘርፉ ሰዎች “ኢንሰርጀንሲ” ይሉታል። የታጠቀ ቡድን ከመደበኛ ሠራዊት ጋር ፊት ለፊት ከመጋጠም ይልቅ ገጠሩን ይዞ፣ ሕዝቡ መሀል ሆኖ፣ መንገድ እየዘጋና እየከፈተ የሚያካሂደው የሽምቅ ውጊያ ማለት ነው። ግንባር የለውም። ከተማው በአንዱ እጅ፣ ገጠሩ በሌላው ይሆናል። አንዳንዱ ቀበሌ ቀን የአንዱ፣ ማታ የሌላው ነው። ሕንፃው ላይ የጥይት ምልክት ላይኖር ይችላል። ውስጡ ያለው ሥራ ግን ይቆማል።

የመጀመሪያውን ጦርነት ጉዳት በሲሚንቶና በቆርቆሮ መጠገን ይቻላል። የሁለተኛውን አይቻልም። አሁን ያለው ዕቅድ ግን በአብዛኛው ለመጀመሪያው ዓይነት ጉዳት የተሰፋ ነው።

አንድ ፍሪጅ

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በ2014 የተዘረፈ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እንውሰድ። በርና መስኮቱ ተነቅሏል። አልጋውና ፍራሹ ተጭኖ ሄዷል። ማይክሮስኮፑ የለም። ገንዘብ ከተገኘ ይሄ ሁሉ በወራት ውስጥ ይተካል። ቆርቆሮው ይመታል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ሪባን ይቆረጣል።

ከዚያ የክትባት ፍሪጁ ይመጣል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ ለናፍጣው መንገድ። ሶላር ፍሪጅ ቢተከል እንኳ ክትባቱ ራሱ የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። በዚህ ላይ ሙቀቱን ጠዋትና ማታ አይታ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የምትመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። አንዲት ነርስ።

ነርሷ የት ነች? ከተማ። ለምን? ደመወዟ የሚመጣው ከመንግሥት ነው፤ ስለዚህ በታጣቂው ዓይን “የመንግሥት ሰው” ልትባል ትችላለች። የቆሰለ ታጣቂ መጥቶ ብታክም ደግሞ በሌላው ወገን “ለእነሱ ትሠራለች” ትባላለች። ቁስለኛን ማከም የሙያዋ ግዴታ ነው። በዓለም አቀፍ የሰብዓዊነት ሕግም የተጠበቀ ነው። እሷ ግን ከሕጉ በፊት የምታስበው ማታ በሯን የሚያንኳኳውን ነው።

መምህሩም እንዲሁ ነው። ቢያስተምር አንዱ ይቆጣል፣ ቢያቆም ሌላው። በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውን የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የገለጹት ሕንፃ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። የግብርና ባለሙያው፣ የአምቡላንስ ሹፌሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ናቸው።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። አገልግሎት የሚሰጠው ሰው የአንድ ወገን ሰው ተደርጎ እስከታየ ድረስ፣ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስ ማረጋጋት አይጀመርም።

የቀበሌው ማኅተም

ከጤና ጣቢያው ቀጥሎ የሚረሳው ቀበሌ ነው። ለብዙ ሰው ቀበሌ ማለት ስብሰባና መዋጮ ነው። ገበሬው ግን ያለ ቀበሌ ማኅተም ምንም አያገኝም። መታወቂያ በማኅተም ነው። የማዳበሪያ ድልድል በስም ዝርዝር ነው። ሴፍቲኔትም እንዲሁ። በ1997 የተጀመረው ይሄ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በወሎ ደረቅ ወረዳዎች የስንቱን ቤት ከረሃብ አድኗል። ማን ይታቀፍ፣ ማን ይውጣ የሚለው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። የመሬት ክርክር ሲነሳ መዝገቡ የሚፈለገው እዚያው ወይም ወረዳ ነው።

በጦርነቱ ብዙ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ሰነዳቸው ተቃጥሏል፣ ተበትኗል። ይሄ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ባል የሞተባት ሴት በስሟ ያለውን መሬት ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ትዞራለች። የባል ወንድሞች “የእኛ ነው” ካሉ አቅም ያለው ያሸንፋል። ሁለተኛ፣ ዝርዝር እንደ አዲስ ሲጻፍ የጻፊው እጅ ይረዝማል። ሰኔ 2015 ላይ የምግብ ርዳታ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው እህሉ ከታለመለት ሰው ይልቅ ወደ ሌላ ሄዷል በሚል ነበር። ቅጣቱን የተቀበለው ግን ምንም ያላጠፋው ችግረኛ ነው። ዝርዝሩ ካልታመነ ርዳታውም አይታመንም።

አሁን ብዙ የገጠር ቀበሌ ሊቀመንበር ወይ ከተማ ገብቷል፣ ወይ ሥራውን ትቷል። በቀበሌ ኃላፊነት መቀመጥ በነፍስ ያስጠይቃል። በአጃቢ ወርዶ፣ ሰብስቦ፣ ተናግሮ መመለስ ቀበሌን አያቆምም። ማኅተሙ እዚያው የሚያድር ሰው እጅ ላይ መሆን አለበት።

የቱ ይቅደም?

እዚህ ላይ ሦስት አስተያየቶች ይጋጫሉ። ሁሉም ክብደት አላቸው።

መጀመሪያ ጸጥታ የሚሉት መንግሥትና ደጋፊዎቹ ናቸው። መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። መንገድ ሳይከፈት ማዳበሪያ አይደርስም። ሰው እየታገተ ነጋዴ አይንቀሳቀስም። የታጠቀ ሁሉ ግብር ልሰብስብ ካለ ገበሬው ለሁለት መንግሥት ይከፍላል። እውነት ነው። ችግሩ ጸጥታ የሚለካበት መንገድ ነው። ወታደር ወደ ትልልቁ ከተማ ሲሰበሰብ ከተማው ሰላም ይመስላል፣ ገጠሩ ግን ይለቀቃል። ይሄ በናይጄሪያ ቦርኖ ግዛት ታይቷል። የናይጄሪያ ጦር ቦኮ ሐራምን ለመከላከል በ2011 ማብቂያ ገደማ “ሱፐር ካምፕ” በተባሉ ትልልቅ ሰፈሮች መሰብሰብ ጀመረ። የወታደሩ ጉዳት እንዲቀንስ ታስቦ ነበር። በመካከል ያለው ገጠርና መንገድ ግን ጠባቂ አጣ ተብሎ ክፉኛ ተተችቷል።

ሁለተኛው አስተያየት ድርድር ይቅደም ይላል። መነሻው ፖለቲካዊ ነውና መፍትሔውም ፖለቲካዊ ነው፣ ሲሚንቶ መደርደር ቁስሉን መሸፈን ነው ይላል። ሰኔ 2016 ባሕር ዳር ላይ የተቋቋመው የሰላም ካውንስል ሁለቱንም ወገን ለድርድር ጠርቷል። ከዚያ ወዲህ ከክልሉ መንግሥት ጋር ስምምነት የፈረሙ ታጣቂዎች አሉ፤ “እኛን አይወክልም” ያሉም አሉ። የፋኖ አደረጃጀት አንድ ወጥ አለመሆኑ ድርድሩን ያከብደዋል። ከአንዱ ጋር ሲፈረም፣ ያልፈረመው የሚይዘው መንገድ ተዘግቶ ይቀራል።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ ትልቁን ስምምነት ሳንጠብቅ ትንንሹን እንጀምር ይላል። የገበያ ቀን ተኩስ አይኑር። አምቡላንስ አይነካ። ለፈተና ሳምንት መንገድ ይከፈት። ማዳበሪያ የጫነ መኪና ይለፍ። ሚዛኔ ወደዚህ ያደላል። ጦርነቱን እንደማያቆመው አውቃለሁ። ግን ነርሷን ጤና ጣቢያው ውስጥ ሊያቆያት የሚችለው ይሄ ነው። ለትልቁ ንግግርም የመተማመን ልምምድ ይሆናል። አደጋ አለው። አንዱ ወገን የተከፈተውን መንገድ ለጦር ማጓጓዣ ከተጠቀመበት ያቺ ትንሽ ስምምነት ዳግም አትገኝም። ስለዚህ የሚታዘብ ሰው ያስፈልጋታል፤ ያ ሰው ከየት ይምጣ የሚለው ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይወስደናል።

ቅሬ፣ አባጋር፣ ሽማግሌ

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ እህል ያዋጣል። የቅሬ ዳኛ አለው። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ውስጥ ነው። ከቅሬ የተባረረ ሰው እሳት የሚጭርለት ጎረቤት አያገኝም፤ ስለዚህ የቅሬ ቃል ይከበራል። ከዚህ ሌላ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን የሚያስታርቁ አባጋሮች አሉ። በራያ በኩልም ደም የማድረቅ ሥርዓት አለ። ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ላይ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ የተጣላ ይታረቃል።

ቅሬ ከሌላው ተቋም የሚለየው ጦርነቱ ሳያፈርሰው በመቆየቱ ነው። መዋቅር ሲወጣ፣ ጦር ሲገባ፣ ጦር ሲወጣ ሬሳ ያነሳው ቅሬ ነው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደጠፋ፣ የማን ቤት እንደተቃጠለ የሚያውቀውም እሱ ነው። የጠፋውን የቀበሌ ዝርዝር እንደ አዲስ ለማዘጋጀት ከቅሬ መዝገብ የተሻለ ማመሳከሪያ ማግኘት ከባድ ነው። የገበያ ቀን ስምምነትን የሚታዘብም ቢፈለግ የሁለቱንም ወገን ዘመዶች የቀበረ ሰው እዚያ ይገኛል።

ግን ከአቅሙ በላይ አንጫንበት። ይሄ ሥርዓት የተሠራው በሁለት ቤተሰብ መካከል ለፈሰሰ ደም ነው። ለተደራጀ የፖለቲካ ጦርነት አይደለም። ሽማግሌን በግድ የአንድ ወገን መልእክተኛ ማድረግ ሽምግልናውን ይገድለዋል፤ ሽማግሌውንም ሊያስገድለው ይችላል። ሌላም ክፍተት አለ። ሸንጎው የወንዶች ነው። በጦርነቱ የተደፈረች ሴት ጉዳይዋን ዋርካ ሥር ማውጣት አትችልም፤ ብታወጣም “ይቅር በይ” መባሏ አይቀርም። ለእሷ ሐኪም፣ አማካሪና ፍርድ ቤት ያስፈልጋታል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ላይ ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ካሳንና ዕርቅን አብሮ ይዟል። የሽግግር ፍትሕ ማለት ከጦርነት ወይም ከጭቆና የወጣ አገር ያለፈውን በደል የሚመረምርበትና የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። ውጊያው ባልቆመበት ቦታ ግን ምስክር ደፍሮ አይቆምም።

ወደ ቤት የሚመለሰው ታጣቂም በቅሬ በኩል ማለፉ አይቀርም። ትጥቅ ማስፈታትና መልሶ መቀላቀል ሲባል ዕቅዱ የሚያስበው ካምፕ፣ ሥልጠናና የመቋቋሚያ ገንዘብ ነው። በ2015 የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በአገር ደረጃ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ለማቋቋም አቅዷል። ሥልጠናው ጥሩ ነው። ያ ልጅ መንደሩ ሲገባ ግን የሚጠብቀው ጎረቤቱ ነው። “የወንድሜን በሬ የወሰድከው አንተ ነህ” የሚለው ሰው። ካሳው ሳይነጋገሩበት ገንዘብ ለታጣቂው ብቻ ከተሰጠ፣ ጠመንጃ ያልያዘው ጎረቤት ምን ይሰማዋል?

ከወሎ ወደ ወለጋ፣ ከወለጋ ወደ ወሎ

ወሎ ተፈናቃይ ያፈራ ብቻ ሳይሆን ተፈናቃይ የተቀበለም ነው። በሀብሩ ወረዳ የጃራ መጠለያ፣ በሐይቅ ደግሞ ቱርክ ካምፕ የሚባለው ከወለጋ የተፈናቀሉ አማሮችን አስጠልለዋል። ከአላማጣና አካባቢው ደግሞ ሚያዝያ 2016 ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ቆቦና ሰቆጣ ወጥተዋል።

የወለጋዎቹ ታሪክ ልብ ይነካል። ከእነሱ ብዙዎቹ በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ በሰፈራ የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ያኔም “መልሶ ማቋቋም” ነበር የተባለው። መንግሥት የተራበውን ጭኖ ለምለም መሬት ላይ አሰፈረ። ሰፋሪው እንዴት እንደሚኖር ታሰበ፤ ከነባሩ ሕዝብ ጋር በምን ስምምነት እንደሚኖር ግን አልታሰበም። ከአርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ሸራ ሥር ሆኖ ወደ አያቱ አገር ተመለሰ። እዚህም መሬት የለውም።

በ2016 ተፈናቃዮችን ወደ ኦሮሚያ የመመለስ ሥራ ሲጀመርም ጥያቄው ይሄው፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር በምን ስምምነት ይኖራሉ የሚለው ነበር። ከተመለሱት መካከል ሥጋቱ አልለቀቀንም ብለው ዳግም የወጡ አሉ። ኢትዮጵያ በ2012 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት ለተፈናቃይ ሦስት መንገድ ይሰጣል። ወደ ቀዬ መመለስ፣ ባሉበት መቋቋም፣ ወይም ሌላ ቦታ መስፈር። ምርጫው የተፈናቃዩ ነው። በተግባር የሚገፋው መመለሱ ነው። ምክንያቱም መጠለያ ሲዘጋ ለሪፖርት ቁጥር ያምራል። ደኅንነቱ ሳይረጋገጥ የተመለሰ ሰው ግን ሁለተኛ ሲፈናቀል እጁ ላይ የቀረችውን ጥሪትም ያጣል።

ገንዘቡ

የገንዘብ ሚኒስቴር ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ አገሪቱን መልሶ ለመገንባት 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስፈልግ ገልጿል። የዓለም ባንክ ሚያዝያ 2014 ላይ በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል፤ አማራ ክልልም ይገኝበታል። ክፍተቱ ግልጽ ነው። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅቱን ዩኤስኤአይዲን መዝጋቱ ደግሞ አሰፋው።

ገንዘብ ቢኖርም ግን ዕቃው ብቻውን አይሠራም። ኮምቦልቻን ማየት ይበቃል። ፓርኩ በ2009 ማብቂያ ሲመረቅ የተስፋው መሠረት ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ልብስ መላክ ነበር። ዕድሉን ይሰጥ የነበረው አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ የንግድ ሕግ ነው። አገሪቱ በጦርነቱ ምክንያት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣች። ማሽኑ ቢጠገን፣ ሼዱ ቢጸዳ፣ ገዢው ርቋል። እዚያ ትሠራ የነበረች የገጠር ልጅ ደመወዝ ቤተሰቧን ይደግፍ ነበር። ላሊበላም ተመሳሳይ ነው። ሆቴሉ ይታደሳል፤ በቅሎ አከራዩና አስጎብኚው ግን ቱሪስት የሚያስቀረውን የተኩስ ዜና ማደስ አይችሉም።

ወደፊት ምን እናያለን?

ውጊያው በዚሁ ከቀጠለ በጣም የሚመስለኝ ውጤት የተከፈለ ወሎ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ በተፈናቃይና ከገጠር በሸሸ ሠራተኛ ይሞላሉ፣ ኪራይ ይወደዳል። ገጠሩ ባለሙያ አልባ ይሆናል። ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ወይ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲና ሳዑዲ ይሰደዳል፣ ወይ ጠመንጃ ያነሳል። የበልግ ዝናብ ሲቀር ደግሞ፣ በወሎ ደጋ ይሄ እንግዳ አይደለም፣ ርዳታ የሚደርስበት መንገድ አይኖርም። ወሎ በ1965 እና በ1977 ያለቀው ዝናብ በመጥፋቱ ብቻ አልነበረም። በ65 መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። በ77 ደግሞ ጦርነቱ እህል የሚሄድበትን መንገድ ዘጋ።

ሌላ አቅጣጫ መያዙ የሚታወቀው በመግለጫ አይደለም። ማዳበሪያው ከሰኔ በፊት ገጠር ከገባ ምልክት ነው። ነሐሴ ላይ ልጆች በቀበሌያቸው ትምህርት ቤት ከተመዘገቡ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ካደረበት፣ የቀበሌው ማኅተም ቀበሌው ውስጥ ካደረ፣ እነዚህም ምልክት ናቸው። የተጠገነ ጤና ጣቢያ ሊጎበኝ የሚሄድ ለጋሽም ሆነ ኃላፊ፣ ቀለሙን ካየ በኋላ የፍሪጁን በር ይመልከት። እዚያ የተለጠፈው የሙቀት ወረቀት ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ምልክት አለው፣ የጠዋትና የማታ። ባዶ የቀሩትን ሳጥኖች ይቁጠር።